የቡድን ዘጠኝ መሪ ቃል

ግንቦት ከገባ ድሬዳዋ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ትዘጋለች። በየመብራቱ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዲት ወጣት ሴት «የጥላ ሰዓት ተጀምሯል። እባክዎ ወደ ቤትዎ ይግቡ» ትላለች፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ። ባጃጆች ይቆማሉ። ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ። ፍየሎች እንኳ ለምደውታል፤ ድምፁን ሲሰሙ ተሰልፈው ወደ ድልድዩ ሥር ይወርዳሉ። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ የሚታየው የጥላ ቡድን ብቻ ነው።

ድምፁ የትርሲት ነው። ትርሲት ሶማሊኛ አትችልም፤ ድምፁ ግን ይችላል። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ባቡር ጣቢያው ውስጥ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ታነብ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ቃላት አስነበቧት፤ አስፈረሟት፤ ከዚያ በኋላ እሷ አላስፈለገችም። አሁን አርባ አራት ዓመቷ ነው። ምሰሶው ላይ ያለችው ግን ዛሬም የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ አይደክማት፣ ጉንፋን አይዛት። ትርሲት ለምዳታለች። የሚያስቸግራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰው በር አንኳኩታ ስትናገር፣ ሰው መሆኗን የሚያምናት የለም።

የምትመራው ቡድን ዘጠኝን ነው። ከእሷ ጋር ሦስት ናቸው። ሀሺም ስልሳ የሞላው፣ ድሮ የባቡር ማቀዝቀዣ ይጠግን የነበረ፣ የሥራ ልብስ ቢሰጡትም ሽርጡን የማይፈታ ሰው ነው። ኢፍቱ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ነርስነት የተማረች፣ እግሯም ምላሷም ፈጣን። ሦስቱም ውስጡ በረዶ የተሞላ ሰደርያ ለብሰው በየቀኑ በጥላ ሰዓት ሠላሳ አንድ በር ያንኳኳሉ። ከበሮቹ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። ሥራው ሰውየውን በዓይን ማየት፣ ውሃ መጠጣቱን ማረጋገጥ፣ የክፍሉን ሙቀት ለክቶ መመዝገብ ነው።

በሩ ግን አይከፈትም። ከሁለት ዓመት በፊት ሌቦች የሰው ድምፅ እየቀዱ በር ማስከፈት ጀመሩ፤ የልጅ ድምፅ፣ የጎረቤት ድምፅ፣ የሞተ ባል ድምፅ ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ሰምቶ የሚከፍት ጠፋ። መስኮቶቹ ለሙቀቱ ሲባል ከተደፈኑ ቆይተዋል። በየበሩ ላይ መላሽ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ተገጥሟል፤ መላሹ ለመጣው ሁሉ በባለቤቱ ድምፅ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ትርሲት በዚያ በታወቀው ድምፅዋ «እንደምን ዋሉ፣ የጥላ ቡድን ነን» ትላለች፤ ከውስጥ መላሹ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። ኢፍቱ ይህን «የሁለት ራዲዮ ወሬ» ትለዋለች። ከሠላሳ አንዱ በር የሚከፈተው አሥራ አንዱ ነበር።

በግንቦት ሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ ከሙቀት ጽሕፈት ቤቱ መልእክት መጣ። እያንዳንዱ ቡድን እስከ ዓርብ መሪ ቃል ይምረጥ ይላል። ቃሉ ሰደርያው ጀርባ ላይ ይታተማል፤ በር ላይም ይነገራል፤ አመኔታ ይፈጥራል ተብሎ ይታሰባል። ከግማሽ በታች በር የሚያስከፍት ቡድን በሰኔ መጨረሻ ይበተናል፤ በሮቹም ለመላሾቹ ይተዋሉ። ከመልእክቱ ጋር የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ያዘጋጃቸው ሁለት መቶ መሪ ቃሎች ተያይዘው ነበር።

ሦስቱ ደቻቱ ድልድይ ሥር፣ ከፍየሎቹ አጠገብ ተቀምጠው ዝርዝሩን አነበቡት።

«‹ጥላችሁ ነን›» አለች ኢፍቱ። «ይሄ አሪፍ ነው።»

«ቡድን ሦስት ወስዶታል» አለች ትርሲት።

«እሺ፣ ‹ከሙቀቱ በላይ ፍቅር›?»

ሀሺም ሳቀ። «እንዲህ የሚል ሰው ደጄ ቢመጣ ሁለተኛ ቁልፍ ነው የምጨምረው።»

«አቦ ጋሼ ሀሺም፣ አንተ ደግሞ አንዱም አይጥምህም! በል ያንተን አምጣ።»

«እኔ የለኝም፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ባቡር ስጠግን ያለ መሪ ቃል ነው የሄደልኝ።»

ትርሲት ሁለት መቶውንም እስከ መጨረሻው አየች። ሁሉም ያምራሉ። አንዱን አንብባ ወደሚቀጥለው ስትሻገር ግን የፊተኛው ይጠፋባታል። «በር ላይ እንሞክራቸው» አለች በመጨረሻ። «የሚከፈትልንን እንወስዳለን።»

የመረጡት የእማማ ጥሩወርቅን በር ነበር፤ ገንደ ቆሬ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ያለበት ግቢ፣ አረንጓዴ የብረት በር። እማማ ጥሩወርቅ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በደህናው ዘመን ትምህርት ቤት ውስጥ ልብስ ስፌት ያስተምሩ ነበር። ሌቦቹ ጅማ በሚኖረው አንድያ ልጃቸው ድምፅ አስከፍተው የስፌት መኪናቸውን ሳይቀር ወስደውባቸዋል። በመዝገቡ መሠረት በዓይን ከታዩ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸዋል። ያለ ልዩ ፈቃድ በር መስበር የሚቻለው መላሹ ዝም ካለ ብቻ ነው። የእማማ ጥሩወርቅ መላሽ ደግሞ ዝም ብሎ አያውቅም።

ማክሰኞ ኢፍቱ አንኳኳችና «አብረን እንሻገረዋለን» አለች። መላሹ «አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ረቡዕ ሀሺም «እርስዎ ለኛ ውድ ነዎት» ብሎ ካነበበ በኋላ በራሱ አፍሮ አንገቱን ደፋ። መላሹ «እናንተም ኑሩልኝ» አለ። ሐሙስ የትርሲት ተራ ነበር። «እጃችን ለእጅዎ» ብላ ሳትጨርስ ቆም አለች። የበሩ ብረት ጆሮዋን እንዳያቃጥላት ነጠላዋን አጣጥፋ አስደግፋ አዳመጠች።

«ጋሼ ሀሺም፣ ማቀዝቀዣው ይሰማሃል?»

ሀሺም ጆሮውን ደቀነ። ብዙ ቆየ። «አይሰማም» አለ። «ቬንትሌተርም የለም። ውስጡ ጭጭ ነው።»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አለ መላሹ። «እናንተም ደህና ዋሉ።»

ትርሲት እዚያው ቆማ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ፕሮግራሙ ነበር፤ መላሹ እየመለሰ ስለሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም አላት። ሰው አገናኙኝ ብላ የቡድኖቹን ኃላፊ አቶ ምሩፅን አገኘቻቸው። አቶ ምሩፅ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። «የበር ስበራ ጥያቄውን ዛሬውኑ አስገባዋለሁ» አሏት። «መልሱ በሁለት ቀን ይመጣል።»

ዓርብ ሙቀቱ አርባ ስድስት ደረሰ። ትርሲትን እንቅልፍ ሳይወስዳት ነበር ሌሊቱ የነጋው። ሃያ አራት በር አንኳኩተው አረንጓዴው በር ጋ ሲደርሱ የሰደርያዋ በረዶ ቀልጦ አልቋል፤ ውሃው ለብ ብሎ በጀርባዋ ይወርዳል። ኢፍቱ ዝርዝሩን አወጣች፤ ትርሲት ግን በእጇ መለሰችው። በሩ ሥር፣ ደፉ ላይ፣ ቁጭ አለች። እዚያ ለመቀመጥ አላሰበችም፤ ጉልበቷ ነው የተቀመጠው።

«እማማ ጥሩወርቅ» አለች። ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰበረ። «ደክሞኛል። ትንሽ ያሳርፉኝ።»

መላሹ «ደህና ነኝ፣ ተመ…» ብሎ ተቋረጠ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የደረቀ፣ ከመላሹ ድምፅ ብዙ ዓመት ያረጀ።

«ማን ነው የደከመው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ትርሲት እባላለሁ።»

«የእውነት ደክሞሻል?»

«እግሬ አልሄድ አለኝ።»

«ቆይ… ቆይ ልጄ። የኔም እግር አይታዘዝም።»

ሦስት መቀርቀሪያ ነበር። በአንዱና በሌላው መካከል እማማ ጥሩወርቅ ለማረፍ ይቆማሉ። ኢፍቱ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች፤ ሀሺም በሹክሹክታ ዱዓ ያደርጋል። በሩ ሲከፈት የወጣው አየር ከውጪው ብዙም የማይሻል ነበር። ደፉ ላይ የቆሙት ሴትዮ ራሳቸው ላይ እርጥብ ነጠላ ጣል አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘዋል። ዓይናቸው ጎድጉዷል። መጀመሪያ ያዩት ግን ትርሲትን ነው።

«ውይ በሞትኩት! ግቢ እንጂ፣ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለሽ?»

ገቡ። የኢፍቱ መለኪያ አርባ አንድ አለ። እማማ ጥሩወርቅ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ወደ ጋኑ ሄደው ከሥሩ ጨልፈው በጣሳ ውሃ አመጡ። ትርሲት አልጠጣም ልትል ስትል ሀሺም በዓይኑ ጠቀሳት። ጠጣች። ሴትዮዋ እስክትጨርስ ድረስ ፊቷን ያዩ ነበር፤ ስትጨርስ እሳቸው ተነፈሱ።

«አሁን እርስዎ ይጠጡ» አለች ትርሲት። «ብቻዬን ደስ አይለኝም።»

ሁለት ጣሳ ጠጡ። ኢፍቱ የራሷን ሰደርያ አውልቃ አንገታቸው ላይ ጠመጠመችላቸውና የደም ሥራቸውን ይዛ ዝም ብላ ቆጠረች፤ ለሳምንት ያልተዘጋው አፏ ያን ቀን ተዘጋ። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

«ለምን አልተናገሩም፣ እማማ?» አለ ሀሺም።

«ከተናገርኩማ ደጋ፣ መጠለያ ይወስዱኛል። መጠለያው ደህና ነው ይላሉ። የሄደ ሰው ሲመለስ ግን አላየሁም። ኒሙን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ለማን ትቼው ልሂድ?» ወደ በሩ መሣሪያ አመለከቱ። «ደህና ነኝ እንዲል ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ አንድ ቀን አልተሳሳተም።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ከፈቱልን?» አለች ኢፍቱ።

ጥያቄው ገረማቸው። «ደከመኝ አለችኛ! ሰው ደጄ ላይ ደክሞት ዝም ልበል? የመጣ ሁሉ እኮ ልርዳዎት ነው የሚለው። ያ ሌባም ‹ልርዳሽ እማ› ብሎ ነው የገባው። የሚደክመው ሌባ ግን አላጋጠመኝም።»

ሀሺም ማቀዝቀዣውን አውርዶ ፈታታው። የአንድ ዓመት አቧራ ግቢው ውስጥ አራገፈ፤ የተቃጠለችውን ሽቦ ቆርጦ ቀጠለ፤ ሁለት ጊዜ ተሳደበ፤ ሁለት ጊዜም እማማ ጥሩወርቅን ይቅርታ ጠየቀ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሣሪያው አስሎ ተነሳ። መሬት ላይ ጋደም ብላ የነበረችውን ትርሲትን እንቅልፍ ወስዷት ኖሯል። ስትነቃ ከአንገቷ ሥር ትራስ ነበር፤ እማማ ጥሩወርቅ አጠገቧ ተቀምጠው የተቀደደውን የሰደርያዋን ጠርዝ በመርፌ ይሰፋሉ።

ማታ ሪፖርቱን እንዲህ ብላ ሞላች፤ «ስንገባ 41፣ ስንወጣ 28። ማቀዝቀዣው ተጠግኗል። የቤቱ ባለቤት በዓይን ታይተዋል።» መሪ ቃል ከሚለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ «ደክሞናል፤ አሳርፉን» ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ምሩፅ አስጠሯት።

«ስህተት ነው አይደል?» አሉ ወደ ሳጥኑ እያመለከቱ።

«አይደለም።»

«ትርሲት፣ መሪ ቃል ማለት እኛ ለሕዝቡ የምንሰጠውን የሚናገር ነው። ይሄ ልመና ነው እኮ።»

«አዎ፣ ልመና ነው» አለች። «እነዚያ ሰዎች የሚረዳቸው ሞልቷል። ግድግዳው ይረዳቸዋል፣ በሩ ይረዳቸዋል። የሚለምናቸው ነው የጠፋው።»

አቶ ምሩፅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው ካደረጉት በኋላ «ሁለት ሳምንት» አሉ። «ሰደርያው ላይ አላሳትምም። ሁለት ሳምንት በአፍ ሞክሩት።»

በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ በር ተከፈተ። በሁለተኛው ሃያ ሰባት። አንድ ሽማግሌ የሎሚ ውሃ በጥብጠው ጨው በዛበት አልበዛበት እያሉ ሦስቱንም አስቀመሱ። አንዲት አሮጊት ኢፍቱን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ፀጉሯን ሹሩባ ሠሩላት፤ መሀል ላይ ውሃ መጠጣት እንዳለባቸው ያስታወሳቸው የለም፤ ለእሷ ውሃ ባቀረቡ ቁጥር እሳቸውም ይጠጡ ነበር። በየቤቱ ስለሚቀመጥ፣ ያበጠው የሀሺም ጉልበት ቀለለው። ሁሉም በር ግን አልተከፈተም። አንዱን በፈቃድ ሰብረው ሲገቡ ባለቤቱ ከሞቱ ሁለት ቀን አልፏቸው ነበር፤ መላሻቸው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደህና ነኝ ይል ነበር። ሀሺም ሄዶ በእጁ አጠፋው። ሦስቱም አስከሬን የሚያነሱት ሰዎች እስኪመጡ ድረስ ከሟቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን የቀሩትን በሮች ሲያንኳኩ ደክሞናል ማለት አላስፈለጋቸውም፤ ሰዎቹ ድምፃቸውን ሰምተው ብቻ ከፈቱላቸው።

በሰኔ አጋማሽ አቶ ምሩፅ ራሳቸው ድልድዩ ሥር መጡ። ላብ አጥልቋቸዋል።

«ዙራችሁ በፊት ይወስድ ከነበረው በሁለት ሰዓት ይረዝማል» አሉ። «ለምንድነው ብለው ይጠይቁኛል።»

«ስለምናርፍ ነው» አለች ኢፍቱ።

ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያ ወደ ትርሲት ዞሩ። «ሌላም ነገር አለ። ውጤታችሁን ፕሮግራሙ አይቶታል። ቃላችሁ በሁሉም በር ላይ በአንቺ ድምፅ እንዲባል ሐሳብ አቅርቧል። ሰው መላክ ሳያስፈልግ። ድካሙንም ይጨምርበታል።» ስልካቸውን ከፈቱ። የሃያ ሦስት ዓመቷ ልጅ ትንሽ ቃተት አለችና፣ በትክክል ከሚሰበርበት ቦታ ላይ ድምፅዋን ሰብራ፣ «ደክሞናል፤ አሳርፉን» አለች። አንድ ፍየል ጆሮውን አቀና።

ሀሺም ተነስቶ ፊቱን አዞረ። ፕሮግራሙ ጥሩ አድርጎ ነበር የሠራው።

«ስንት ቀን ያገለግላል?» አለች ትርሲት። «ሁለት ሳምንት? ገብተው የሚያርፉ ሰዎች እንደሌሉ እስኪያውቁ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ የምር ብወድቅ የሚከፍትልኝ የለም።»

«በድምፅሽ ጉዳይ ፈርመሻል፣ ትርሲት። ሰነዱን አይቼዋለሁ።»

«የፈረምኩት ድምፄን ነው። ድካሜን አልፈረምኩም።»

አቶ ምሩፅ ስልኩን እንደያዙ ቆዩ። ከድልድዩ በላይ አንድም መኪና አያልፍም። «እኔም» አሉ ቀስ ብለው፣ «እናቴ ሐረር ናት። በሯን ካንኳኳሁ ስንት…» አልጨረሱትም። ሐሳቡ ላይ «ውድቅ» የሚለውን ተጭነው ምክንያት በሚለው ቦታ ብዙ ነገር ጻፉ፤ ሲጽፉም ላባቸው ስልኩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ትርሲት ቦታ ለቀቀችላቸው፤ ከጎኗ ተቀምጠው ውሃ ጠጡ።

ቡድን ዘጠኝ አልተበተነም። ቃሉ ግን ሰደርያ ላይ አልታተመም፤ ከላይ ያሉት ለጽሑፍ አይመጥንም አሉ። ኢፍቱ ከፋት። ሀሺም ደግሞ ይሻላል አለ፤ የተጻፈ ቢሆን ባልደከማቸው ቀንም ተሸክመውት ይዞሩ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ፣ እማማ ጥሩወርቅ ቤት ገብተው ካረፉ በኋላ ሊወጡ ሲሉ፣ ሴትዮዋ ዱላቸውን አነሱ።

«ከግንቡ ማዶ አንድ ሰውዬ ገብተዋል» አሉ። «ሦስት ወር ሆናቸው። አቶ ገልገሎ ይባላሉ አሉ። በራቸው ሲከፈት ሰምቼ አላውቅም። ከዝርዝራችሁ ውስጥ አሉ?»

ትርሲት አየች። የሉም። ቤቱ በመዝገቡ ላይ ባዶ ተብሎ ነው የተጻፈው።

«እንግዲያው እኔ ልሂድ።»

«እማማ፣ አርባ አራት ነው ሙቀቱ» አለች ኢፍቱ።

«ታዲያ ሰደርያሽን አውልቂልኛ!»

አለበሷቸው። ሰደርያው እስከ ጉልበታቸው ደረሰ። ሀሺም በአንድ በኩል፣ ትርሲት በሌላ በኩል ደግፈዋቸው አርባ ያህል እርምጃ ተራመዱ፤ ሁለት ጊዜ ቆሙ። በሩ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነበር፤ መላሽ እንኳ የለውም። እማማ ጥሩወርቅ በዱላቸው መቱት። ትርሲት ልታግዛቸው አፏን ስትከፍት በክርናቸው ጎሰሟት።

«ወንድሜ!» አሉ። የክፍል ተማሪን ዝም የሚያሰኝ ድምፅ ነበር። «ጎረቤትዎ ነኝ። ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከቤቴ እዚህ ድረስ በእግሬ መጥቼ ደክሞኛል። የምቀመጥበት ይስጡኝ።»

ከውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። ሳል ተሰማ፤ የሚጎተት ጫማ ተሰማ። ቆርቆሮው ስንጥቅ ያህል ተከፍቶ አንድ ዓይን ብቅ አለ። ዓይኑ አሮጊቷን አየ፣ ሰደርያውን አየ፣ ከዚያ ከጀርባቸው የቆሙትን ሦስቱን አየ። በሩ ትንሽ ሰፋ። ሰውየው ረጅም፣ ከሲታ፣ ጢማቸው ያልተነካ ነበሩ፤ ለብዙ ቀን ያልተናገረ ሰው እንደሚያደርገው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«አራት ናችሁ እንዴ?» አሉ እየተጨነቁ። «እኔ ያለኝ አንድ ወንበር ነው።»

«እኔ እቀመጥበታለሁ» አሉ እማማ ጥሩወርቅ፤ ገፋ አድርገዋቸው ገቡ። «ልጆቹ መሬት ይበቃቸዋል።»

ሦስቱም ተከትለው ገቡ። ትርሲት ጫማዋን አውልቃ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። አቶ ገልገሎ መሀል ክፍሉ ውስጥ ቆመው፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው፣ ማንን መጀመሪያ ውሃ እንደሚያጠጡ ያስቡ ነበር።